የኋላ መብራት ቤት ውስጥ ሲቀየር፦ ፍሬኑ ከፖዚሽኑ ተለይቶ እንዲታይ

ከኋላችሁ ያለው ሹፌር መኖራችሁን በፖዚሽን (ማታ ሁልጊዜ በሚበራው ደብዛዛው ቀይ መብራት)፣ መቆማችሁን በፍሬን መብራት፣ መታጠፋችሁን በፍሬቻ ያውቃል። የኋላ መብራት ቀይሮ ማሳመር ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሦስቱን ሳያደባልቁ ማሳመር ነው። ማታ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ስትነዱ ፊታችሁ ያሉትን መኪኖች አስተውሉ። ኤልኢዲ ከገባላቸው ውስጥ ፍሬን ሲይዙና ሲለቁ ልዩነቱ የማይለይ ሞልቷል። አምፖሉ ደማቅ ነው፣ ችግሩ ሁልጊዜ ደማቅ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ሥራ ሁሉ በአንድ ነገር መዝኑት፤ ፍሬን ሲረገጥ መብራቱ ከፖዚሽኑ ቢያንስ አምስት እጥፍ መድመቅ አለበት። ፋብሪካው የሚገጥመው ባለሁለት ክር አምፖል አንዱ ክር 5 ዋት፣ ሌላው 21 ዋት ነው። በሚሰጡት ብርሃን ከተለካ ደግሞ ልዩነታቸው ከአሥር እጥፍ ያልፋል።

ይህ ሥራ ሰሞኑን የበዛበት ምክንያት አለው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ እያደሱ መንዳት ግድ ሆኗል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ፕላስቲክ ላይ ትበረታለች፤ መንገድ ዳር ውሎ የሚያድር መኪና የመብራቱ ቀይ መስታወት ይገረጣል፣ ላዩም ይሻክራል። መስታወት እንበለው እንጂ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህን መርሳት ብዙ መብራት አበላሽቷል።

ችግሩ መሻከር ብቻ ከሆነ ምንም አትክፈቱ። ዙሪያውን ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑና 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በቅደም ተከተል፣ ጥቂት ሳሙና የገባበት ውሃ እያጠጣችሁ፣ ሂዱበት። አንዱን ቁጥር ወደ ጎን ከፈጋችሁ ቀጣዩን ከላይ ወደ ታች ፈጉ፤ የቀድሞው ጭረት መጥፋቱን በዓይናችሁ የምትለዩት እንዲህ ሲሆን ነው። ከ2000 በኋላ የቀለም ኮምፓውንድ በለስላሳ ጨርቅ። ኦርጅናል መብራት ላይ ቀዩ ቀለም ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀላቀለ ስለሆነ በመፈግፈግ አይለቅም። ርካሽ ምትክ ላይ ግን ነጭ ፕላስቲክ ከላይ ቀይ የተቀባ ያጋጥማል፤ ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ሞክራችሁ ውሃው ቀይ ከሆነና ሥሩ ከነጣ አቁሙ። በውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያለበት ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አይድንም።

በቤንዚን፣ በቲነር፣ በአሴቶን፣ በአልኮልም ቢሆን አትጥረጉት። አክሪሊክ ፋብሪካ ሲቀረጽ ውስጡ የቀረ ውጥረት አለው፤ እነዚህ ፈሳሾች ሲነኩት ውጥረቱ ባለበት ሁሉ ጥቃቅን ስንጥቅ ይፈነዳል። አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ በማግስቱ። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ሳሙና ይበቃል።

አሁን ወደ አምፖሉ እንምጣ፤ ለአብዛኛው መኪና አምፖሉን ብቻ መቀየር በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የራሳችሁን አምፖል አውጡና ተረከዙን እዩ። ብረት ተረከዝ ኖሮት ጎኑ ላይ ሁለት ጆሮ ካለው፣ ጆሮዎቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካሉ፣ ባለሁለት ክሩ 1157 ነው። ጆሮዎቹ እኩል ከሆኑ ባለአንድ ክሩ 1156። ብርቱካናማው የፍሬቻ አምፖል ጆሮዎቹ ቁመታቸው እኩል ሆኖ ትይዩ አለመሆናቸው ቀይ ቦታ ላይ እንዳይገባ ሆን ተብሎ ነው፤ በፒንሳ ጆሮውን አጥፈው የሚያስገቡ አሉ፣ አታድርጉት። ተረከዙ ብረት የሌለው፣ ጠፍጣፋ መስታወት ሆኖ የሚሰካው ደግሞ ባለሁለት ክሩ 7443፣ ባለአንድ ክሩ 7440 ነው። የታርጋ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ቲ10 የሚባለው ትንሹ ነው።

በቀይ መስታወት ጀርባ ቀይ ኤልኢዲ፣ በብርቱካናማ ጀርባ ብርቱካናማ፣ ለሪቨርስ ነጭ። «ነጩ የበለጠ ያበራል» ሲሏችሁ አትስሙ። የክር አምፖል ብርሃን ውስጥ ቀይ በብዛት አለ፤ ነጭ ኤልኢዲ ግን አብዛኛው ብርሃኑ ሰማያዊና ቢጫ ነው። ቀዩ መስታወት ሌላውን ሁሉ አስቀርቶ ቀዩን ብቻ ስለሚያሳልፍ የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ መልኩም ወደ ሮዝ ያደላል። ቀይ ኤልኢዲ ግን ያወጣውን ሁሉ ማለት ይቻላል ያሳልፋል።

ቅርጹም ወሳኝ ነው። መብራታችሁ ውስጥ የሚያብረቀርቅ አንጸባራቂ ካለ አምፖሉ ወደ ጎኑ መርጨት አለበት፤ ክሩ የሚያበራው ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሆነ አንጸባራቂው የተሠራው ለእሱ ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ቺፕ ያለው ኤልኢዲ ከገባ መሐል ላይ አንድ ነጥብ ታያላችሁ፣ ዙሪያው ጨለማ ይሆናል። ዙሪያውንም ጫፉንም ቺፕ የተደረደረበትን ምረጡ፤ ርዝመቱም ከድሮው አምፖል ብዙ አይብለጥ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ፈትኑት። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራም ሆነ ተክለሃይማኖት አካባቢ ባለሱቁ የ12 ቮልት ባትሪ አያጣም። መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱና መጀመሪያ የፖዚሽኑን፣ ቀጥሎ የፍሬኑን አምፔር ለኩ። ለምሳሌ ፖዚሽኑ 60 ሚሊአምፔር፣ ፍሬኑ 350 ሚሊአምፔር ቢያሳይ ደህና ነው። ፖዚሽኑ 200፣ ፍሬኑ 300 ካለ የቱንም ያህል ቢያንጸባርቅ መልሱለት። መልቲሜትር ከሌላችሁ ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አብሩና ወረቀቱን እዩ፤ አምፖሉን ፊት ለፊት ካያችሁት ዓይን ይታለላል።

ርካሽ ባለሁለት ደረጃ ኤልኢዲ ሌላም ጠባይ አለው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ኤሌክትሪክ የሚያግድ ዳዮድ አይገባለትም፣ ወይም የተበላሸ ይሆናል። ምልክቱ ይታወቃል። መብራት አጥፍታችሁ ፍሬን ስትረግጡ ዳሽቦርዱና የታርጋው መብራት ጭል ጭል ይላሉ፤ ከፍሬን የመጣው ኤሌክትሪክ በአምፖሉ አልፎ ወደ ፖዚሽኑ መስመር ተመልሶ ገብቷል ማለት ነው። አምፖሉን ቀይሩ፣ መስመሩን አትቁረጡ።

ፍሬቻ ላይ ኤልኢዲ ስታስገቡ ፈጥኖ መምታት ይጀምራል። ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው የድሮው ፍላሸር የሚያልፈው አምፔር ሲያንስበት «አንድ አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ነው የሚያፈጥነው፤ የተሠራው ለዚሁ ነው። ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛውና የተሻለው ፍላሸሩን ለኤልኢዲ በተሠራ መቀየር ነው። ሲበራ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ተከትላችሁ ከመሪው በታች ፈልጉት፤ እንደ ሞዴሉ እግሩ ይለያያል፣ ቶዮታ ላይ ባለሦስት እግርም ባለስምንት እግርም ስላለ የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ከአምፖሉ ጋር ጎን ለጎን 6 ኦም፣ 50 ዋት የሆነ ሬዚስተር መግጠም ነው። ሞተር ተነስቶ 14 ቮልት ሲኖር 2.3 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በበራ ቁጥር 32 ዋት ገደማ ሙቀት ነው። አደጋ መብራት አብርታችሁ ጥቂት ከቆማችሁ እጅ ያቃጥላል። በላሜራ ላይ በብሎን ይታሰር፤ ምንጣፍ፣ ስፖንጅ፣ ፕላስቲክም ሆነ የሽቦ እስር እንዳይነካው። ምንጣፉ ሥር በናስትሮ ተጠቅልሎ የተደበቀ ሬዚስተር ካያችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ፍሬን መብራት ላይ ደግሞ ሬዚስተር ጨርሶ አያስፈልግም። መስቀል አደባባይ መብራት ላይ እግር ፍሬን ላይ ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ አስቡት፤ 21 ዋቱ አምፖል ራሱ ፖርታ ላምፓዳውን (አምፖሉ የሚሰካበትን) የሚያቀልጠው እንዲህ ሲቆይ ነው፣ ለፍሬን ኤልኢዲ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሌላው ፍጥነቱ ነው፤ ክር ግሎ እስኪደምቅ 0.2 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚመጣው መኪና ይህ ከ2 ሜትር በላይ ነው።

መብራቱን መፍታት አጭር ሥራ ነው። ሴዳን ላይ ፖርታባጋሊውን (የኋላ ዕቃ መጫኛውን) ከፍታችሁ የውስጥ ሽፋኑን የያዙትን የፕላስቲክ ክሊፖች መሐላቸውን ከፍ አድርጋችሁ አውጡ፤ ከጀርባ ዳዶዎቹ ይታያሉ፣ 8 ወይም 10 ቁጥር ናቸው። ቪትዝን በመሰለ ባለኋላ በር መኪና ላይ በሩ ሲከፈት ጎኑ ላይ ሁለት ብሎን አለ፤ ብሎኖቹ ከወጡ በኋላ መብራቱን ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። በጎኑ በኩል የተሰካ ፕላስቲክ እግር ስላለው ወደ ጎን ከጠመዘዛችሁት የሚሰበረው እሱ ነው። ጠዋት በብርድ አትፍቱ፤ ፀሐይ ትንሽ ይምታው። ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ጎሚኒ ሳይቀደድ አውጡት፣ ፖርታባጋሊው ውሃ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ውስጡን ለመሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት አካሉ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ በሁለት ቀስት መካከል የፕላስቲኩ ዓይነት ተጽፏል። አካሉ ፒፒ (PP)፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን፣ ከሆነ መስታወቱ የተያዘው በማጣበቂያ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊን ከአክሪሊክ ጋር ቀልጦ አይገናኝም። ኤቢኤስ (ABS) ከሆነ ግን ሁለቱ በሙቀት ቀልጠው የተበየዱ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ተለጣጭ ማስቲሽ ካልታየና በምስማር ጫፍ ሲነካ ደረቅ ከሆነ ተበይዷል። የተበየደውን የቱንም ያህል ብታሞቁት አይከፈትም፣ ይጣመማል እንጂ።

የተጣበቀውን ለመክፈት ብዙ ሰው ኦቨን ይመክራል። የቤት ኦቨን ሙቀቱ ይዘላል፤ 90 ላይ አድርጋችሁት የብረቱ ጎን ከ120 ሊያልፍ ይችላል፣ አክሪሊክና ኤቢኤስ ደግሞ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ መልፈስፈስ ይጀምራሉ። እኛ ከተማ ያለው መልካም ዕድል ከፍታው ነው። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም፤ ማጣበቂያውን ለማላላት በቂ ነው፣ ፕላስቲኩን ለማጣመም አይደርስም። አምፖሎቹን፣ ፖርታ ላምፓዳውንና ብሎኖቹን ሁሉ አውጡ፣ ቀዳዳዎቹን በናስትሮ ድፈኑ። መብራቱን ሳፋ ውስጥ አስቀምጣችሁ የፈላውን ውሃ መጋጠሚያው ላይ ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ አፍሱ፤ ውሃው ሲበርድ በሌላ ተኩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ በፕላስቲክ ካርድ ወይም በእንጨት ማማሰያ እጀታ ፈልቅቁ። ካቻቪቴ መስታወቱን ይነክሰዋል። የተከፈተው ቦታ ተመልሶ እንዳይጣበቅ ትንሽ እንጨት ጣልቃ እያስገባችሁ ሂዱ። እምቢ ሲል አትታገሉት፣ ውሃ ጨምሩበት። አንጸባራቂውን በጣትም በጨርቅም አትንኩ፤ ላዩ ያለው አሉሚኒየም እጅግ ስስ ነው፣ ከተነካ ይነሣል። አቧራ ከገባበት በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ አፉን ደፍታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት።

የተበየደው ላይ ያለው ምርጫ መቁረጥ ነው፤ ቀጭን ዲስክ ባለው ትንሽ ማሽን ወይም በሴጌቶ ምላጭ፣ ከመጋጠሚያው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አካሉ ገባ ብሎ። ማሽኑ ቀስ ብሎ ይዙር፤ በፈጠነ ቁጥር ፕላስቲኩ ቀልጦ ከኋላው ይዘጋል። ግራይንደር የሚባለውን ትልቁን አታስቡት። እውነቱን ለመናገር፣ ለተበየደ መብራት ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ መግዛት ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ቢያንስ አንድ አሮጌ ለልምምድ ካልቆረጣችሁ የራሳችሁን አትጀምሩ።

አሮጌ ስትገዙ አምፖል ማስገቢያውን አውጥታችሁ ቀልጦ እንደሆነ እዩ፣ አንጸባራቂው ግራጫ ሆኖ እንደሆነ በስልክ መብራት ተመልከቱ፣ ብሎን የሚይዙት ጆሮዎች በማስቲሽ የተመለሱ እንዳይሆኑ ዳስሱ። ኮይቶ ወይም ስታንሊ የሚል የፋብሪካ ስም አጠገቡ ካለው ቁጥር ጋር መስታወቱ ላይ ይገኛል፤ ቁጥሩ ከእናንተው ጋር ካልተመሳሰለ ሲታይ ቢመሳሰልም ጎኑ ላይ ክፍተት ይተዋል። ሶኬቱን ከ20 ሳንቲ ሜትር ሽቦ ጋር አብረው እንዲቆርጡላችሁ ጠይቁ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ፍሬቻው ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ከፍሬኑ ስለማይለይ አልመክረውም። ለአውሮፓ የተሠራው ላይ ደግሞ የጉም መብራት ይኖራል፤ 21 ዋት ነው፣ እንደ ፍሬን ይደምቃል። ባዶ ከሚሆን ብለው ከፖዚሽን ጋር የሚያገናኙት አሉ። ክረምት ላይ እንጦጦ ጉም ውስጥ ለብቻው በማብሪያ ይብራ፣ ከተማ ውስጥ ይጥፋ።

ከፍታችሁ የራሳችሁን ቦርድ የምትሠሩ ከሆነ ለአንድ መብራት የሚበቃው ይህ ነው፦ ባለ5 ሚሊ ሜትር ቀይ ኤልኢዲ 24፣ ባለ470 ኦም ሩብ ዋት ሬዚስተር 8፣ ባለ390 ኦም ግማሽ ዋት 1፣ 1ኤን4007 የሚባል ዳዮድ 2፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቦርድና 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የመኪና ሽቦ። ኤልኢዲዎቹን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በተከታታይ ቀጥሉ፣ ለእያንዳንዱ ተርታ አንድ 470። አራት አራት ማድረግ ሬዚስተር ይቆጥባል፤ ግን ሞተር ጠፍቶ ቮልቱ ከ14.4 ወደ 12.3 ሲወርድ የሦስቱ ተርታ ሩብ ያህል ብቻ ሲቀንስ የአራቱ አርባ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የስምንቱንም ተርታ መነሻ አንድ ላይ አድርጉ። የፍሬኑ ሽቦ በአንዱ ዳዮድ በኩል ቀጥታ እዚያ ይግባ፤ የፖዚሽኑ በሌላው ዳዮድና በ390ው በኩል ይግባ። ሌላው ጫፍ ሁሉ ማሳ (ከመኪናው ላሜራ ጋር የታሰረው የኔጌቲቭ መስመር) ላይ ይግባ። ሞተር ተነስቶ ፍሬን ሲረገጥ በእያንዳንዱ ተርታ 16 ሚሊአምፔር ያህል ያልፋል፣ በፖዚሽን ግን 2 ገደማ። ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ዳዮዶቹ ላይ ያለው ነጭ ቀለበት ወደ ኤልኢዲዎቹ ይዙር።

ኤልኢዲው የሚረጭበት ማዕዘን 30 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። 15 የሆነው ቀጥታ ከኋላ ሲታይ ያሳውራል፣ በጎን መስመር ያለው ሚኒባስ ግን አያየውም። ጠባቡ ብቻ ከተገኘ ጫፉን በ400 ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጉት፣ ብርሃኑ ይበተናል። መብራቱ ላይ ያለውን አንጸባራቂ ቀይ ንጣፍ፣ ያ መኪናው ጠፍቶ ሲቆም በሌላ መኪና መብራት የሚያበራውን፣ አትሸፍኑት። እንደ እኔ ከሆነ ቦርዱ ከታች የምጽፈውን የቀን ፈተና ካላለፈ ለፖዚሽን ብቻ ተጠቀሙበት፣ ፍሬኑን ለአምፖል ተዉት።

ሽቦ ቀጥላችሁ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም፤ ፀሐይ ሲመታው ሙጫው ይፈታል። በሊድ በይዱና በሙቀት የሚጨማደድ ሽሪንክ አልብሱ። የቤት መስመር ባለአንድ ክር ሽቦ አትጠቀሙ፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር እየተነቀነቀ ይሰበራል። የመኪናውን ኦርጅናል ሽቦ አትቁረጡ፤ ከሶማሌ ተራ ባመጣችሁት ሶኬት መካከለኛ መቀጠያ ሥሩና ሰክታችሁ ተጠቀሙ። ያልሆነ ቀን ነቅላችሁ የድሮውን ትመልሳላችሁ። ፊውዝ ቢያቃጥል ከፍ ያለ ቁጥር አትተኩ። ኤልኢዲ የሚወስደው ከአምፖሉ ያነሰ ስለሆነ ፊውዙ ከተቃጠለ አንድ ቦታ ተነካክቷል ማለት ነው።

አሁን ማሳ። የኋላ መብራት ላይ «ተአምር» የሚመስል ብልሽት ሲያጋጥም ከሌላው ሁሉ በፊት የሚጠረጠረው እሱ ነው። ፍሬን ስትረግጡ ፍሬቻው ጭል ጭል ካለ፣ ፍሬቻ ስታበሩ ፖዚሽኑ አብሮ ከመታ፣ ኤሌክትሪኩ በማሳው መመለሻ አጥቶ በሌላው ክር እየዞረ ነው። ቶዮታ ላይ የማሳው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር አለበት። ፖርታባጋሊው ጎን ላሜራ ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍቱ፣ ላሜራውን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ ከላይ ግራሶ ቀቡ። መስተካከሉን በመልቲሜትር እዩ፤ ፍሬን ተረግጦ ሳለ በመብራቱ ማሳና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ከ0.2 ቮልት በላይ ማሳየት የለበትም። ግማሽ ቮልት ካለፈ ገና አልጸዳም፣ ወይም ሽቦው ውስጥ ውስጡን አረንጓዴ ሆኖ በልቷል።

መልሶ ማሸግ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ሲጨመቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን አትጠቀሙ፤ የሚወጣው አሲድ መዳብ ይበላል፣ አንጸባራቂውንም ያጠቁራል። የማይሸት፣ ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ። ሱፐር ግሉም አይሆንም፤ ጭሱ ሲደርቅ የመስታወቱን ውስጥ እንደ ዱቄት ያነጣዋል፣ አንዴ ከዘጋችሁት በኋላ መጥረግ አይቻልም። አሮጌውን ማጣበቂያ ከቦዩ ጠርጋችሁ አውጡ፣ አዲሱን ሳይቋረጥ ዙሪያውን ሙሉ፣ መስታወቱን ጫኑና በላስቲክ እሰሩት። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሐምሌ ብርድ ደግሞ ይዘገያል። ሙሉ ቀን ሳይሞላው መኪናው ላይ አትግጠሙ። ከደረቀ በኋላ አምፖል ማስገቢያዎቹን ከላይ አድርጋችሁ መጋጠሚያውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ተከታታይ አረፋ ከወጣ በዚያ ቦታ ይገባል።

ከጀርባው ያሉትን ትንንሽ መተንፈሻዎች ግን አትድፈኑ። መብራት ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ዝናብ ሲመታው ይኮማተራል፤ መተንፈሻ ከሌለው እርጥብ አየር የሚስበው በመጋጠሚያው ስንጥቅ ነው፣ የገባውም አይወጣም። ኤልኢዲ ያስገቡ ሰዎች ክረምት ላይ «መብራቴ ላብ ያዘ» የሚሉት ሌላም ምክንያት አለው፤ የክር አምፖል ሙቀት እርጥበቱን ያደርቀው ነበር፣ ኤልኢዲ ያን ያህል አይሞቅም። ስለዚህ ድሮ ያልታየ ትንሽ ክፍተት ከቅያሬው በኋላ ይታያል። ጠዋት ታይቶ እስከ ቀትር የሚጠፋ ጉም አያሳስብም፤ ታች ውሃ ካቆረ ግን ክፈቱት።

ጥቁር ስፕሬይ ወይም ጥቁር ላስቲክ መለጠፍን በተመለከተ አቋሜ አጭር ነው፦ አታድርጉት። ፖዚሽኑንም ፍሬኑንም እኩል ስለሚያጠቁር ማታ ልዩነቱ ያለ ይመስላል፤ ቀን ግን ፍሬኑ ከነጭራሹ አይታይም። ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ሲደርስም መብራት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው፣ ስፕሬይ ማስለቀቅ ደግሞ ከመቀባት ይከብዳል።

ፈተናው ማታ ግቢ ውስጥ አይደረግም፤ በጨለማ ሁሉም መብራት ያምራል። ቀን 6 ሰዓት አካባቢ መኪናውን ፀሐይ ጀርባውን እንድትመታው አቁሙ፤ ፖዚሽን ይብራ፣ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ ይልቀቅ፣ ሳይነግራችሁ ይደጋግም። እናንተ 30 እርምጃ ርቃችሁ ቀጥታ ከኋላ፣ ቀጥሎም ከግራና ከቀኝ ጎን ሆናችሁ መቼ እንደረገጠ ጥሩ። አንዴም ከተሳሳታችሁ አምፖሉ ወይም ቦርዱ አልሆነም። ከዚያ ፍሬን ተረግጦ ሳለ ፍሬቻው ይብራ፤ ብርቱካናማው በቀዩ መዋጥ የለበትም። በስልክ ቪዲዮ አትፈትኑ፣ ካሜራው ብርሃኑን ራሱ ስለሚያስተካክል ደካማውን ደማቅ ያስመስለዋል። ሰው ካጣችሁ በወንበሩና በፔዳሉ መካከል እንጨት ማስደገፍ ይቻላል፤ ስትጨርሱ ማውጣቱን አትርሱ፣ ባትሪ ይጨርሳል።

ሌባ እንዳይወስደው የታርጋ ቁጥር መስታወቱ ላይ ማስቀረጽ የተለመደ ነው። ጥልቅ ጭረት በአክሪሊክ ላይ የስንጥቅ መነሻ ስለሚሆን፣ በተለይ ከብሎኑ አጠገብ ከሆነ፣ መስታወቱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ከማዕዘን ራቅ ብሎ ይቀረጽ፤ ጥልቁን ከጀርባ አካሉ ላይ አድርጉት። ዳዶዎቹንም ስትመልሱ በእጅ እስኪይዙ ካጠበቃችሁ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ፤ ከዚያ ካለፈ የሚሰነጠቀው የፕላስቲኩ እግር ነው።